ማህሙድ አብዱልራውፍን ከኤንቢኤ ያስወጣው መዝሙሩ ብቻ ነው? (ረጅም ነው፣ በርጫ ላይ ያላችሁ ተመቻችሁ)

የከዚራ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

በቀደም የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቹ የኮሊን ካፐርኒክ ነገር ሲነሳ አንዱ «ለብሔራዊ መዝሙር አልቆምም ብሎ እንጀራውን ያጣ የመጀመሪያው ስፖርተኛ እሱ ነው» ብሎ ጻፈ። መልስ ስጽፍ ረዘመብኝና የራሱን ክር ከፈትኩለት። ካፐርኒክ ከመንበርከኩ ሃያ ዓመት በፊት ይህንኑ የቀመሰ የኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ተጫዋች አለ፣ ማህሙድ አብዱልራውፍ ይባላል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

ስሙን ሰምቻለሁ የሚል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ያንን የመዝሙር ጣጣ ብቻ ነው። እኔን የሚያበሽቀኝም ይሄው ነው። እስቲ መጀመሪያ ኳሱን እንይ።

በ1969 ጋልፍፖርት፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ተወለደ፤ ያኔ ስሙ ክሪስ ጃክሰን ነበር። እናቱ ብቻዋን በድህነት ነው ያሳደገችው። ቁመቱ 1.85 ሜትር ገደማ ነው፣ በባስኬት ዓለም አጭር ከሚባሉት። ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በገባበት ዓመት፣ 1988–89፣ በጨዋታ በአማካይ 30.2 ነጥብ አገባ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ! ፍሎሪዳ ላይ 53፣ ኦል ሚስ ላይ 55። በዓመቱ ሻኪል ኦኒል መጣና አብረው ተጫወቱ፣ ነጥቡን ግን አሁንም በብዛት የሚያገባው ይሄ አጭሩ ነበር። በ1990 ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) ዴንቨር ናጌትስ በሦስተኛነት ወሰደው። ከእሱ በፊት የተጠሩት ዴሪክ ኮልማንና ጋሪ ፔይተን ብቻ ናቸው።

በ1991 ሰለመ፣ በ1993 ስሙን ቀየረ። በዚያው በ1993 ከሁሉ በላይ ለተሻሻለ ተጫዋች የሚሰጠውን ሽልማት ወሰደ። በ1993–94 ደግሞ ከ229 ፍሪ ትሮው (ያለ ተከላካይ ቆመው የሚወረውሩት የቅጣት ኳስ) 219ኙን አገባ፣ 95.6 በመቶ። ያኔ ክብረ ወሰኑ የካልቪን መርፊ ነበር፣ 95.8። ሒሳቡን ሥሩት፦ ከሳታቸው አሥር ኳሶች አንዷን ብቻ ቢያገባ 96 በመቶ ይሆን ነበር፣ ክብረ ወሰኑም የእሱ።

አሁን ወደ ጣጣው። በ1995–96 የውድድር ዘመን ከመጀመሪያው አንስቶ መዝሙር ሲዘመር አይቆምም ነበር። ወይ መልበሻ ክፍል ይቆያል፣ ወይ ቁጭ ብሎ ያፍታታል። ለወራት ማንም ምንም አላለም። ማርች ላይ ወሬው በሬዲዮ ተነሳና አገር ምድሩ ተናጋ። ሲጠየቅ ባንዲራው ለአንዳንድ ሰው የነፃነት፣ ለሌላው የጭቆና ምልክት እንደሆነ፣ እምነቱም እንዲህ ባለ ሥርዓት እንዲሳተፍ እንደማይፈቅድለት ተናገረ። ማርች 12 ሊጉ ያለ ደመወዝ አገደው። በሁለት ቀን ውስጥ ተስማሙ፦ ይቆማል፣ ግን ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ደፍቶ በልቡ ይጸልያል። ያመለጠው አንድ ጨዋታ፣ የተቆረጠበት 31,707 ዶላር ነው።

ያ ዓመት ሲያልቅ የቡድኑ አንደኛ ነጥብ አግቢ እሱ ነበር፣ በአማካይ 19.2። ጁን ላይ ለሳክራሜንቶ ኪንግስ ሰጡት። በምትኩ ምን ተቀበሉ? ሻሩናስ ማርሹሊዮኒስን፣ ጉልበቱን ያመመውን የ32 ዓመት ሰው፣ ከአንድ የሁለተኛ ዙር የድራፍት ምርጫ ጋር። ሰውዬው ለዴንቨር 17 ጨዋታ ተጫውቶ ጫማውን ሰቀለ። ማህሙድ ሳክራሜንቶ ሁለት ዓመት ቆየ። በ1998 ውሉ ሲያልቅ 29 ዓመቱ ነበር፣ ስልክ የደወለለት ቡድን የለም።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ የአንድ ጨዋታ ቅጣት ማንንም አያጠፋም። ሰውዬውን የበላው ከቅጣቱ በኋላ የመጣው ዝምታ ነው። እናንተስ?


ፉአድ መጋላ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

አቦ ተባረክ! ይሄን ሰውዬ የሚያነሳልኝ አጥቼ ነበር።

እኛ ቤት ስሙ የሚነሳው ረመዳን ሲገባ ነው። አባቴ ወጣት እያለ ከጅቡቲ የቪዲዮ ካሴት ይመጣለት ነበር፣ ከእነዚያ አንዱ ላይ የዴንቨርና የቺካጎ ቡልስ ጨዋታ አለ። ፌብሩዋሪ 4፣ 1996። ቡልስ 41 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸንፎ ነው ዴንቨር የገባው፣ 18 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ። ጆርዳን አለ፣ ፒፐን አለ፣ ሮድማን አለ። ማህሙድ 32 አገባባቸው፣ ዴንቨር 105 ለ99 ረታ። ያ የቡልስ ቡድን ዓመቱን 72 አሸንፎ 10 ተሸንፎ ነው የጨረሰው፣ ከአሥሩ አንዷ ይቺ ናት።

ደግሞ ቀኑን እዩት፣ ረመዳን የገባው ጃንዋሪ ማለቂያ ላይ ስለነበር ጨዋታው ጾሙ መሃል ነው የዋለው። ማህሙድ ውድድር ላይ ነኝ ብሎ የሚያፈጥር ሰው አልነበረም። ድሬ ላይ ጾሞ ከዐስር በኋላ ሜዳ የወጣ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ወላሂ ሳይነገረው ያውቀዋል። እኛ አንድ ግማሽ ተጫውተን ጥላ ፍለጋ ነው የምንሮጠው።

ከዚያ ጨዋታ አንድ ወር ከምናምን ቆይቶ ነው እግዱ የመጣው። ጆርዳንን ባሸነፈ በወሩ!


ለገሀሬ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡31

ጽሑፉ ጥሩ ነው፣ ግን በአንድ ወገን ያደላል።

ሊጉ ደንብ አለው፤ በመዝሙር ጊዜ ተጫዋቹም አሠልጣኙም ተሰልፎ በሥርዓት ይቆማል ይላል። ሰውዬው ይህንን እያወቀ ፈርሞ ነው የገባው። 31,707ን በውድድር ዘመኑ 82 ጨዋታ አባዙት፣ በዓመት 2.6 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል። እንዲህ እየተከፈለህ ደንቡ አልጣመኝም ማለት እኔ አይገባኝም። ካልጣመህ ትወጣለህ።

እኔ ያደግኩት ባንዲራ ሲሰቀልና ሲወርድ መንገደኛው ሳይቀር ባለበት ቀጥ በሚልበት ዘመን ነው። ለገሀር አደባባዩ ላይ ጋሪ ነጂው ፈረሱን ያቆም ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይቆማል፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድም ያለ ሰው አላየሁም። የኤንቢኤ ኮከቡ ሐኪም ኦላጁዋን ራሱ ሙስሊም ነው፣ ያኔውኑ ተጠይቆ እስልምና የምትኖርበትን አገር ሕግ እንድታከብር ያዝዛል ብሏል። ስለዚህ ማህሙድ የያዘው የራሱን አቋም ነው፣ መብቱ ነው፣ ዋጋውም የራሱ ነው።


ሒክማ ዘጀጎል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ለገሀሬ ወንድሜ፣ ኦላጁዋንን ማንሳትህ አግባብ ነው። ሁለቱም ሙስሊም፣ ሁለቱም ጾመኛ፣ በአንድ ጉዳይ ተለያዩ። ይሄ እኛን አይደንቀንም፤ እዚህ ሐረር አንድ ሶፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ የሚሰግዱ ሁለት ሽማግሌዎች ከመስጊድ ሲወጡ በስንቱ ነገር ይከራከራሉ። የአንዱ አቋም ሌላውን ከእምነት አያስወጣውም።

ነገርህ የሚሰበረው ግን ሌላ ቦታ ነው። ደንብ ጥሷል አልክ፣ እሺ፣ ተቀጣ። በሁለት ቀኑ ተስማማና ቆመ። ከዚያ ወዲያ ደንቡን አልጣሰም። ታዲያ ደንቡን ካከበረ በኋላ የደረሰበትን ሁሉ በየትኛው ደንብ ልታስረዳኝ ነው? ከእግዱ በኋላ የመጀመሪያ ጨዋታው ቺካጎ ላይ ነበር፣ ቆሞ ዱዓ እያደረገ ሕዝቡ ጮኸበት። ሲቀመጥም ተሰደበ፣ ሲቆምም ተሰደበ።

የዴንቨሩን ሬዲዮ ጣቢያ ነገርስ ሰምታችኋል? በዚያው ሰሞን የጣቢያው ሠራተኞች እዚያው መስጊድ ውስጥ ገብተው መዝሙሩን በመለከት ነፉ። ለቀልድ ብለው፣ በቀጥታ ሥርጭት! ነገሩ ፖሊስ ዘንድ ደርሶ ተከሰሱ። በውል የታሰረው አንድ ኳስ ተጫዋች ነው፤ የሚሰግደው ሰው የፈረመው ውል የለም። አየህ፣ ጉዳዩ ከደንብ ወጥቶ የት እንደደረሰ።


ሲስተር ከሳቢያን
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

አዳር ተረኛ ነበርኩ፣ አሁን ነው ያነበብኩት። ሁላችሁም አንድ ትልቅ ነገር ዘላችኋል፦ ሰውዬው ቱሬት ሲንድረም አለበት።

ለማያውቅ፦ የነርቭ ሕመም ነው፣ በልጅነት ይጀምራል። ሰውየው ሳይፈልግ ዓይኑ ይርገበገባል፣ አንገቱ ይወዛወዛል፣ ድምፅ ያመልጠዋል። እንደ ጉንፋን ታክመህ የምትገላገለው አይደለም። ብዙዎቹ ላይ ሌላ ነገር ይደረብበታል፣ አንድን ነገር «ልክ ነው» እስኪል ድረስ የመደጋገም ግዴታ። ማህሙድ ይህ ሁሉ እያለበት ሕመሙ ስም ያገኘው 17 ዓመት ሲሆነው ነው። እስከዚያ ድረስ እንደ ደካማ ተማሪ ነው የታየው፣ ክፍልም ደግሟል። የጫማውን ክር ልክ ሆኖ እስኪሰማው ደጋግሞ ይፈታል፣ ያስራል። ሜዳ ላይም አሥር ኳስ በተከታታይ በፈለገው ዓይነት ካላገባ አይወጣም። አሥረኛዋ ብትገባም አገባቧ ደስ ካላለው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

እኛ ሠፈር እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖር ዓይን ነው፣ ጂኒ ነው ተብሎ ግማሹ ጸበል፣ ግማሹ ሼህ ዘንድ ይወሰዳል። ይወሰድ፣ ቤተሰብ የሚጽናናበትን እኔ አልነፍግም። ግን ሐኪምም ይየው፣ አስተማሪውም ይወቀው፤ ልጁ አውቆ እየረበሸ አይደለም። ጅራፍ ያሳደረበትን ልጅ አይቼ ስለማውቅ ነው።

ኤንቢኤ ገብቶ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ክብደቱ ጨምሮ፣ ፍጥነቱ ቀንሶ ነበር፣ በሁለተኛው ዓመት አማካዩ ወደ 10 ነጥብ ወርዷል። ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ እንቅልፍ የሚያበዙና ክብደት የሚጨምሩ ናቸው። በሦስተኛው ዓመት ክብደቱን አራግፎ መጣና 19.2 አገባ፣ ሽልማቱም ያኔ ነው። ያንን ዝም ብሎ «ተሻሻለ» ማለት ያንሰዋል።


የከዚራ ልጅ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡02

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄንን እኔ እንዳንቺ አድርጌ አልጽፈውም ነበር። የ95.6 በመቶው ምሥጢር እዚህ ነው ያለው መሰለኝ።


መምህር ዘሜዳው
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡45

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ስፖርት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ስለ አጨዋወቱ ትንሽ ልጨምር፤ ስለ መዝሙሩ እናንተ ትበቃላችሁ።

የዚህ ሰው ዋና መሣሪያ ኳሷን ከእጁ የሚለቅበት ፍጥነት ነው። ኳሷን እያነጠረ በሩጫ መጥቶ፣ ቀጥ ብሎ፣ ተከላካዩ ሚዛኑን ሳያስተካክል ትወጣለች። ዝላዩ ከፍ ያለ አይደለም፣ አያስፈልገውምም። አጭር ልጅ ረጅሙን በጉልበት አያሸንፈውም፤ በጊዜ ነው የሚቀድመው። በ2016 የቡልስ አሠልጣኝ የነበረው ፊል ጃክሰን የሦስት ነጥብ ኮከቡ ስቴፍ ከሪ እሱን ያስታውሳል ብሎ ሁለቱን ሲያወዳድር ብዙ ሰው ስቆበታል። ምስሉን ፈልጋችሁ አጠገብ ለአጠገብ እዩት፤ አሯሯጡ፣ አቋቋሙ፣ ኳሷ የምትለቅበት ቅጽበት። ልዩነቱ የዘመን ነው። ያኔ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ እንዲህ እየደጋገመ የሚወረውርን ሰው አሠልጣኙ ይቆጣው ነበር። ማህሙድ በዛሬው ኤንቢኤ ቢሆን ስንት ያገባ እንደነበር እናንተው ገምቱት።

በእኛ አስፋልት ላይ ልጆች የሚያጠፉትም ይህንኑ ነው። ቀለበቱ መረብ የለውም፣ ሰሌዳው ጣውላ ነው፣ ፀሐዩ ከአራት ሰዓት በኋላ አያስቆምም። በዚያች ጠዋት ባለችን ሰዓት ሁሉም መደነክ (ዘሎ ኳሷን ቀለበቱ ውስጥ መክተት) ይፈልጋል። ቆሞ ፍሪ ትሮው የሚወረውር የለም። «ጋሼ አሰልቺ ነው» ይሉኛል። አሰልቺውን ነገር የወደደ ሰው ነው ከ229 219 ያገባው።


ቁጥር አይዋሽም
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡15

መምህር፣ እርስዎ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን ክሩን ላበላሽባችሁ ነው የመጣሁት።

ሰውዬውን እወደዋለሁ፣ ሆኖም ዝምታ ነው ያጠፋው የሚለውን ሙሉ ለሙሉ አልቀበልም። አንደኛ፣ ዴንቨር በዚያ ክረምት የበተነው እሱን ብቻ አይደለም። ረጅሙ ተከላካይ ዲኬምቤ ሙቶምቦም ወደ አትላንታ ሄዷል። ቡድኑ 35 አሸንፎ 47 ተሸንፎ ነው የጨረሰው፣ እንደዚያ ያለ ቡድን ይፈርሳል። ሁለተኛ፣ ሳክራሜንቶ በመጀመሪያው ዓመት 75 ጨዋታ አጫውቶታል፣ 13.7 አግብቷል፣ ይሄ መገፋት አይባልም። በሁለተኛው ዓመት 31 ጨዋታ ብቻ፣ አማካዩ 7.3፣ ከሜዳ የወረወረውም የገባው ከ38 በመቶ በታች ነው። አጭር ጋርድ (ኳስ እያነጠረ የሚያመጣ ተጫዋች)፣ መከላከል ላይ የሚቸገር፣ መወርወሪያውም የከዳው፣ 29 ዓመት የሞላው። ስሙ ክሪስ ጃክሰን ሆኖ ቢቀር እንኳ ያን ክረምት ትልቅ ውል አያገኝም ነበር።

መዝሙሩ ምንም አልነካውም እያልኩ አይደለም። ነገር ግን አንድን ሰው የሚጥለው አንድ ምክንያት ብቻ ነው የሚለው ወሬ ሲጣፍጥ እጠረጥራለሁ።


ሒክማ ዘጀጎል
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ትልቅ ውል አያገኝም፣ እሺ። ትንሽ ውልስ? ሠላሳ ቡድን ባይኖር ያኔ ሃያ ዘጠኝ ነበር። ተጠባባቂ የሚሆን፣ ፍሪ ትሮው የማይስት ጋርድ የሚፈልግ አንድ ቡድን ጠፋ? የባሰ የሚወረውሩ ሰዎች እኮ ወንበር አግኝተዋል።

እሱ ግን ቱርክ ሄዶ ለፌነርባቼ ተጫወተ። በ2000–01 ቫንኩቨር ግሪዝሊስ ሲቀበለው በጨዋታ 12 ደቂቃ ገደማ ሰጥተውት 6.5 ነጥብ ያገባ ነበር፣ ከወረወረውም ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አለቀለት የተባለው ክንድ አላለቀለትም ማለት ነው። ከዚያም ያ በር ተዘጋ።


የከዚራ ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡08

ክሬግ ሆጅስንም ጨምሩበት። ከቡልስ ጋር ሁለት ዋንጫ በልቷል፣ የሦስት ነጥብ ውድድርን ሦስት ጊዜ አሸንፏል። በ1991 ዋይት ሐውስ ሲጋበዙ የአፍሪካ ልብስ ለብሶ ለፕሬዚዳንት ቡሽ ደብዳቤ ይዞ ሄደ፤ በ1992 ቡልስ አሰናበተው፣ ሌላም ቡድን አልወሰደው። በ1996 ሊጉን ከሰሰ፣ አልተሳካለትም። ቁጥር አይዋሽም፣ ያንተን ሒሳብ ለእሱም ብንሠራ ዕድሜውን፣ መከላከሉን ታነሳልናለህ። የሚገርመው ሒሳቡ ሁሌም ምላስ ያለበትን ሰው ነው የሚጥለው።


ቁጥር አይዋሽም
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡15

ምላስ የሌላቸውን የተጣሉትን ስማቸውን ስለማታውቅ ነው። 😄


ዴንቨር ያለሁ የድሬ ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡30 (በእናንተ)

ሰላም የአገሬ ልጆች። ኦሮራ ነው የምኖረው፣ ከዴንቨር ጋር የተያያዘች ከተማ ናት፣ ሐበሻ የሞላባት። አዲስ የመጣ ሰው ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራል እያለ ያማርራል፤ 1,600 ሜትር ነው እኮ፣ ከድሬ ከፍ ብሎ ከሐረር ዝቅ ይላል። ሐረር ያደገ ሰው ቁልቁል ነው የመጣው።

ናጌትስ በ2023 የመጀመሪያ ዋንጫውን ሲያነሳ ከተማው የድሮውን ሁሉ ሲያወራ ሰነበተ። ሁሌ የሚታየው የ1994ቱ ምስል ነው፣ ሙቶምቦ መሬት ላይ ተዘርግቶ ኳሷን ሽቅብ ይዞ ሲስቅ። ጥሎ ማለፉ ውስጥ ስምንተኛ ሆኖ የገባ ቡድን አንደኛ የነበረውን ሲያትልን ከ2 ለ0 ተነስቶ 3 ለ2 ጣለ፣ በኤንቢኤ ታሪክ ከዚያ በፊት ያልሆነ ነገር ነው። የዚያ ቡድን የውድድር ዘመኑ አንደኛ ነጥብ አግቢ ማን ነበር? ማህሙድ። ምስሉ ላይ የለም። ታክሲ የሚነዱ የእኛ ሰዎች ስለ ሙቶምቦ እንደ ዘመዳቸው ነው የሚያወሩት፣ አፍሪካዊ ስለሆነም ይሆናል። ማህሙድን ስጠቅስላቸው «ያ መዝሙር አልቆምም ያለው?» ይሉኛል። የከዚራ ልጅ ከላይ ያለው ማለት ነው።

ደግሞ ቁጥር አይዋሽም ወንድሜ፣ እነሱን ሁለቱን ካሰናበተ በኋላ ናጌትስ 21 አሸንፎ 61 ተሸነፈ፣ በቀጣዩ ዓመት 11 አሸንፎ 71። ይህንንም ቁጥር ጻፍልን እንጂ።


አወያይ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00

የእኛን አገር የባንዲራ ክርክር እዚህ ያመጡ ሦስት መልሶችን አንስቻለሁ። ኮከቡ ይኑር አይኑር የሚለው የራሱ ክር አለው፣ እሱም ተዘግቷል። ስለ ባስኬት ቀጥሉ።


ፉአድ መጋላ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡40

ስለ ገንዘብና ስለ ቡድን ብቻ አወራችሁ፣ ቤቱን ማንም አላነሳውም። ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ኔኬይዝ የምትባል ገጠር፣ ለቤተሰቡ ቤት ሠራ። ግድግዳው ላይ የጥቁር ጠሉን ቡድን፣ የኩ ክላክስ ክላንን ፊደል ጻፉበት። ትቶት ወጣ፣ ሊሸጠው እያለ በ2001 ተቃጠለ። ሰው አቃጠለው፣ ሽቦ ተያይዞ አይደለም። ለገሀሬ፣ አንተ ዋጋውን ራሱ ይክፈል ብለሃል፣ ይሄ የየትኛው ዋጋ ነው?

ከዚያ በኋላ ያልዞረበት አገር የለም። ሩሲያ፣ ጣሊያን፣ ግሪክ፣ ሳዑዲ፣ መጨረሻ ላይ ጃፓን፣ ኪዮቶ። አርባውን አልፎ ሁሉ ይጫወት ነበር። የእኛ ሰው ባቡር ተሳፍሮ ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ እንደሚለው ማለት ነው፣ ልዩነቱ ሻንጣው ውስጥ ኳስ መኖሩ ነው።

በ2017 ቢግ ሥሪ የሚባለው የሦስት ለሦስት ውድድር ሲጀመር 48 ዓመቱ ላይ ተመልሶ አሜሪካ ሜዳ ገባ። አሠልጣኙ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሪ ፔይተን! በ1990 ድራፍት ከእሱ አንድ ቀድሞ የተጠራው። ፍሪ ትሮውም አሁንም አይስትም።

በ2020 ሉዊዚያና ስቴት 35 ቁጥሩን ሌላ እንዳይለብሰው ጣሪያ ላይ ሰቀለለት። ናጌትስስ ምነው?


ሲስተር ከሳቢያን
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡12

ፉአድ፣ ስለ ቤቱ አላውቅም ነበር። ልጆቹ እዚያ ውስጥ አለመኖራቸው አልሐምዱሊላህ ነው፣ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ።


ለገሀሬ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡25

ፉአድ፣ ቤት ያቃጠለ ወንበዴ ነው፣ ከኔ ጋር አታጣብቀው። ስለ ሊጉ ነው ያወራሁት።

አሁንም አቋሜ ያው ነው። ሥራ ቦታህ ልብስህን፣ ሰዓትህን፣ አቋቋምህን ሊያዝዝህ ይችላል። እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስሠራ የማላምንበትን ስንት ስብሰባ ተቀምጫለሁ፣ ስንት ጊዜም አጨብጭቤያለሁ። ሁላችንም እንጀራ ይዞን ነው። እሱ ከእኛ በምን ይለያል? ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ ከቆመ፣ ቀድሞውኑስ ቢቆም ምን ነበረበት? ዓይኑን ጨፍኖ ዱዓ ማድረግ ከመጀመሪያውም ይቻል ነበር። ይህንን መልሱልኝ።


መምህር ዘሜዳው
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡50

ጥያቄው ጥሩ ነው። ለእኔ የሚመስለኝ፣ ሰው ሳይገደድ የሚያደርገውና ተገዶ መውጫ ሲፈልግ የሚያደርገው አንድ አይደለም። ዱዓውን ያመጣው ሁለቱም ወገን ፊቱን ሳያጣ የሚወጣበት በር ስለሆነ ነው። የእኛ ሽማግሌዎችም ሲያስታርቁ እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ችግሩ፣ በእኛ ወግ እርቅ ከወረደ በኋላ ያንን ነገር መልሶ ማንሳት ነውር ነው። እዚያ ግን ከእርቁ በኋላ ነው ጉዱ የፈላው።

አንተ አጨብጭበህ ጡረታህን ይዘሃል፣ ወንድሜ፣ አልወቅስህም፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ።


ቁጥር አይዋሽም
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡04

ለዴንቨሩ ልጅ፦ 11 አሸንፎ 71 ተሸነፈ የሚለውን ጽፌልሃለሁ፣ በዚያ እስማማለሁ፣ ልውውጡ ሞኝነት ነበር። በግማሽ እግሩ የቆመ ሰው ለመቀበል አንደኛ ነጥብ አግቢህን አትሰጥም። ኳስን ብቻ ያሰበ ሰው ያንን አይፈርምም። ከ1998ቱ ላይ ግን አልንቀሳቀስም።

ደግሞ ክብረ ወሰኑን ለምታወሩ፣ አሁን የሆሴ ካልዴሮን ነው፣ በ2008–09 ከ154 151፣ 98.1 በመቶ።


ፉአድ መጋላ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡09

154 ሙከራና 229 ሙከራ አንድ ነው እንዴ? አቦ ተወን። ካልዴሮን ሌላ 75 ይወርውርና እናያለን።


የከዚራ ልጅ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡20

ለገሀሬ፣ ላንተ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ከመጀመሪያው ጽሑፌ ውስጥ ማንም ያላነሳው። ሰውዬው ከውድድሩ መጀመሪያ እስከ ማርች አልቆመም። በየምሽቱ አዳራሹ በሺህ በሚቆጠር ሰው ይሞላል፣ ካሜራ አለ፣ ዳኛ አለ፣ የሊጉ ሰው አለ። ማንም ቅር አላለውም፣ ማንም አልተቆጣም፣ ደንቡም እዚያው ነበር። ሬዲዮ ላይ ሲወራ ነው አገር የተሰደበው። ደንብ ከሆነ ኖቬምበር ላይ ለምን ደንብ አልሆነም?


ለገሀሬ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡34

እሱን ነገ እመልስልሃለሁ፣ መብራት ሄዷል፣ ስልኬም 4 ፐርሰንት ላይ ነው። ክሩን እንዳትዘጉት።